መምህሩን አያ ጅቦ አናድርገው

መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት ከትምህርት ቤት በር ላይ ልቅሶ አይጠፋም። የእናቱን ነጠላ ጨምድዶ ይዞ አልለቅም የሚል አለ፤ አዲስ ዩኒፎርሙን እንደ ለበሰ ከዘበኛው ጋር የሚታገል አለ። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ሳያለቅስ ገብቶ፣ ጥግ ይዞ፣ እስከ ጥቅምት ትንፍሽ የማይለው ነው። እኛ ዘንድ ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀው መልስ አንድ ነው፦ «ተዉት፣ ይለምደዋል።»

እርግጥ ብዙዎቹ ይለምዱታል። የማይለምዱትስ? የትምህርት ሚኒስቴር ዓመታዊ የስታቲስቲክስ መጻሕፍት በተደጋጋሚ እንዳሳዩት፣ ትምህርታቸውን የሚያቋርጡ ልጆች በብዛት የሚገኙት አንደኛ ክፍል ላይ ነው። ድህነቱ፣ የመንገዱ ርቀት፣ የከብት ጥበቃው ትልቁን ድርሻ መያዙን አልክድም። ሆኖም ፈርቶ የቀረውም ልጅ መዝገብ ላይ የሚጻፍለት ያው «አቋረጠ» የሚለው ቃል ነው።

ለመሆኑ ይህ ፍርሃት ከየት ይመጣል? በእኔ አስተያየት፣ ከእናት መለየቱ የሚያስጨንቅ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ የቀረውን ክረምቱን ሙሉ የምናስታጥቀው እኛ አዋቂዎች ነን። ልጁ ወተት ሲደፋ «ቆይ ብቻ፣ መስከረም ይምጣልህ!» ይባላል። ከታናሽ እህቱ ሲጣላ «መምህሩ ልክህን ያስገቡሃል» ይባላል። ታላቅ ወንድም በበኩሉ ስለ ኩርኩሙ፣ ስለ መንበርከኩ፣ ስለ አርጩሜው ጨማምሮ ይተርክለታል። ድሮ አያ ጅቦ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ መምህሩ ተረክቦታል ማለት ነው። እንግዲህ ነሐሴን በሙሉ በጅብ ሲያስፈራሩት የከረመ ሕፃን መስከረም ላይ «በል ሂድ፣ ከጅቡ ጋር ዋል» ሲባል ቢያለቅስ ምን ይገርማል? የነገሩትን ማመኑ እኮ ነው።

ወሬው ከባዶ አለመነሣቱንም እንመን። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ነገር ግን አርጩሜ ከየክፍሉ ጨርሶ ወጥቷል ብሎ አፉን ሞልቶ የሚናገር መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። ወላጆችን «በመምህር አታስፈራሩ» ለማለት በቅድሚያ የማናስፈራ መሆን አለብን።

ምዝገባውም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። የልደት ምስክር ወረቀት በሌለበት የልጅን ዕድሜ ለመገመት በአገራችን ለረጅም ዘመን የተሠራበት ዘዴ ቀኝ እጅን በአናት ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮን ማስነካት ነበር። ዘዴው ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ልጅ ወደ ሰባት ዓመት ሲጠጋ ክንዱ ከራሱ መጠን አንጻር እየረዘመ ይሄዳልና። ይሁን እንጂ ተሰላፊው ሁሉ እያየው «ገና ነህ፣ ተመለስ» የተባለ ልጅ ትምህርት ቤትን የሚተዋወቀው በወደቀበት ፈተና ነው። ጆሮ ማስነካቱ በቀረበትም ቦታ መንፈሱ አልቀረም። «እስቲ ቁጠር! እስቲ ሀ ሁ በል!» እያልን መዝገብ ፊት እናፋጥጠዋለን። ሊማር የመጣው ልጅ ዐውቆ መምጣት የነበረበት ይመስለዋል።

ልጆች የሚጨነቁበትን ነገር ለማወቅ ቁጭ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። «ሽንቴ ቢመጣስ?» «ማን መጥቶ ይወስደኛል?» «ትልልቆቹ ቢመቱኝስ?» «እርሳሴ ቢጠፋስ?» ለእነዚህ ጥያቄዎች «አይዞህ፣ አትፍራ» መልስ አይሆንም። መልሱ ነገሩን ማሳየት ነው፤ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ በሩ እንዴት እንደሚዘጋ፣ ለማስፈቀድ ምን እንደሚባል፣ ወይም ጭራሽ ሳያስፈቅዱ መውጣት እንደሚቻል። ይህ ተራ ነገር መስሎ የሚታየው ለእኛ ነው። ለማስፈቀድ አፍሮ ሱሪው ላይ የለቀቀ ልጅ በማግስቱ «ሆዴን አመመኝ» ቢል፣ ያመመው ሆዱ አይደለም። የቤቱ ቋንቋ ከክፍሉ ቋንቋ የተለየ ሲሆን ደግሞ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። ኦሮምኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ አማርኛ በሚነገርበት ክፍል ሲገባ መምህሩ «ቢሻን» ማለት ውሃ መሆኑን እንኳ ቢያውቅለት ትልቅ ነገር ነው።

ዜሮ ክፍልን እዚያው ግቢ ውስጥ የጨረሱ ልጆች አንደኛ ክፍል ሲገቡ እምብዛም የማያለቅሱት ፊደል ስለ ቆጠሩ ብቻ አይመስለኝም፤ ግቢውን ስለሚያውቁት ነው። ያን ዕድል ላላገኘው ልጅ በነሐሴ መጨረሻ አንድ ግማሽ ቀን ቢሰጠው ምናለ? ከእናቱ ጋር መጥቶ ክፍሉን አይቶ፣ ዴስኩ ላይ ተቀምጦ፣ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሞነጫጭሮ፣ ከመምህሩ ጋር ስም ለስም ተዋውቆ ቢመለስ፣ ጳጉሜን ላይ ለጎረቤት ልጆች የሚያወራው ወሬ ሌላ ይሆናል።

እናትም «ከረሜላ ገዝቼ መጣሁ» ብላ ተደብቃ አትጥፋ። ልጁ ሰዓት ማንበብ አይችልም፤ ደወል ግን ይሰማል። «የመጨረሻው ደወል ሲደወል በሩ ላይ ታገኘኛለህ» ብላ፣ በእርግጥም ተገኝታ ብታሳየው ከሁለትና ሦስት ቀን በኋላ ነጠላዋን ራሱ ይለቅላታል።

«ስድሳና ሰባ ልጅ ይዞ ማንን ከማን ያባብላል?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው፤ አይቻልም። ለዚህም ነው ሥራው ከመስከረም በፊት ይጀመር የምለው፤ ሰባ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲያለቅስማ ሁሉም ነገር አልፏል።

እዚህ ላይ ለተቋማችን መምህራን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። እኛ ሠልጣኞች ለማስተማር ልምምድ የምንወጣው ልጆቹ ከለመዱ በኋላ ነው። የትምህርት ዕቅድ ማውጣቱን ተምረናል፤ የሚያለቅስ ልጅ ከበር ላይ እንዴት እንደሚቀበሉት ግን አላየንም። ከመካከላችን «አንደኛ ክፍል እንዳይመድቡኝ» ብሎ የሚሳል እንዳለም አውቃለሁ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። ክረምት ላይ ሁላችንም ወደየቤታችን እንመለሳለን። እያንዳንዱ ሠልጣኝ በአካባቢው ትምህርት ቤት ሁለት የምዝገባ ቀን ቢያገለግል፣ አዲስ ገቢዎቹን ግቢውን ቢያስጎበኝ፣ ልጆቹ የጠየቁትን ጽፎ ቢመጣና እንደ አንድ የልምምድ ሥራ ነጥብ ቢያዝበት ጥሩ ነው። ነጥብ ካለው፣ የሚቀር ሠልጣኝ ያለ አይመስለኝም።