ጠንካራ እንጨት፣ ቀጭን መቁረጫ፣ ንጹሕ አየር

በቀይ ባሕር ደቡባዊ ዳርቻ የተቋቋመውና ዕቅዱ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ጂዛን ኢኮኖሚክ ሲቲ፣ በቀን 400,000 በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ የማጣራት ዐቅም ያለውን ማጣሪያ ጨምሮ የከባድ ኢንዱስትሪ መገኛ ሆኗል። ሆኖም የአንድ አካባቢ የሙያ ዕድገት በታላላቅ ፋብሪካዎች ብቻ አይለካም። በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውና በኮምፒውተር የሚመራው፣ ሲኤንሲ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የመቅረጫ ማሽን፣ ትናንት የፋብሪካ ብቻ የነበረውን ዐቅም ወደ መኖሪያ ቤት አስገብቶታል። የሳዑዲ ዓረቢያ የባህል ሚኒስቴር 2025ን የእደ ጥበብ ዓመት ብሎ መሰየሙ ደግሞ ለእጅ ሙያ የተሰጠውን ክብር አጉልቶታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ማሽኑ ወደ ቤት ሲገባ ዕውቀቱና ጥንቃቄው አብሮት ካልገባ፣ ትርፉ የተሰበረ መቁረጫና የተቃጠለ እንጨት ብቻ አይሆንም፤ የቤተሰብ ጤናም ይጎዳል።

የቅርጽ ሥራ ለዚህ የባሕር ዳርቻ እንግዳ አይደለም። በፋራሳን ደሴቶች የዕንቁ ነጋዴዎች የሠሯቸው ቤቶች ግድግዳዎች በረቀቀ የጂፕስ ቅርጽ ያጌጡ ናቸው። በሰሜን በኩል የምትገኘው የጂዳ ታሪካዊ ሰፈርም እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም ቅርስነት ስትመዘገብ፣ ሮሻን የሚባሉት ባለ እንጨት መስኮቶቿ ከመለያዎቿ ዋነኞቹ ነበሩ። ከባሕሩ ማዶ የጅማ ጠራቢዎች ከዋንዛ ግንድ በርጩማ ሲያወጡ ኖረዋል። ዋንዛም ሆነ ወይራ በደቡብ ምዕራብ የዓረቢያ ተራሮች ላይ ይበቅላሉ፤ የአካባቢው ሰው ወይራን ዑቱም ይለዋል። በሳዑዲ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ዛፍን ያለፈቃድ መቁረጥ የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ የእንጨቱ ምንጭ ሕጋዊ ገበያ ሊሆን ይገባል።

በጠንካራ እንጨት ላይ ረቂቅ ጌጥ ለማውጣት 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መቁረጫ ያስፈልጋል። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የመቁረጫው ውፍረት በግማሽ ሲቀንስ፣ መታጠፍን የመቋቋም ጥንካሬው ወደ አንድ 16ኛ ይወርዳል። ከመያዣው ውጭ የቀረው ርዝመት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ በዚያው ግፊት የሚታጠፈው 8 እጥፍ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያ መቁረጫውን የሚያስረው ሥራው የሚፈቅደውን ያህል አሳጥሮ ነው። አብዛኛውን እንጨት አስቀድሞ በ6 ሚሊ ሜትር መቁረጫ ያነሣል፤ ለቀጭኑ የሚተወው ወፍራሙ ሊደርስበት ያልቻለውን ማዕዘን ብቻ ነው። አንገቱ ወፍሮ ወደ ጫፉ የሚሾል መቁረጫም ለዚህ ሥራ ብልህ ምርጫ ነው።

ብዙ ጀማሪዎች መቁረጫው እንዳይሰበር በመፍራት ማሽኑን እጅግ ዝግ አድርገው ያስኬዱታል። ይህ ጥንቃቄ ቢመስልም ጉዳት አለው። እያንዳንዱ የመቁረጫ ጥርስ በቂ ፍቅፋቂ ካላነሣ፣ እንጨቱን መቁረጡን ትቶ ይፈትገዋል፤ ፍቅፋቂው ይዞት ይወጣ የነበረው ሙቀትም እዚያው ይቀራል። እንጨቱ ይጠቁራል፤ ስለቱም ይደንዛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በደቂቃ 10,000 ጊዜ የሚዞር ባለ ሁለት ጥርስ መቁረጫ በእያንዳንዱ ጥርስ 0.02 ሚሊ ሜትር እንዲያነሣ ከተፈለገ፣ ማሽኑ በደቂቃ 400 ሚሊ ሜትር መጓዝ አለበት። ዙሩ 18,000 ሲሆን ጉዞው 720 ይሆናል። ለባለ 2 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። 6 ሚሊ ሜትር ለመውረድ ከ6 እስከ 12 ጊዜ መመላለስ ግድ ነው። መያዣው ንጹሕ ካልሆነና መቁረጫው ከመሐሉ ትንሽ እንኳ ወጥቶ የሚዞር ከሆነ፣ የሁለቱ ጥርሶች ሸክም በአንዱ ላይ ይወድቃል።

የአየሩ ጠባይም መዘንጋት የለበትም። የጂዛን የባሕር ዳርቻ እርጥበት የበዛበት ነው፤ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በግቢ የከረመ ሳንቃ አየር ማቀዝቀዣ ወዳለው ክፍል ገብቶ በዚያው ቀን ቢቀረጽ፣ ከቀናት በኋላ ተጣምሞ ሊገኝ ይችላል። እንጨቱ በሚሠራበት ክፍል ለሳምንታት እንዲቆይ ማድረግ ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ግን አቧራው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ መድቦታል። በተለይ የጠንካራ እንጨት አቧራ ከአፍንጫ ካንሰር ጋር ተያይዞ ታውቋል። ቀጭን መቁረጫ የሚያወጣው ሰጋቱራ ደቃቅ ነው፤ ደቃቁ ደግሞ በአየር ላይ ረጅም ጊዜ ይንሳፈፋል። በሙቀቱ ምክንያት መስኮት በማይከፈትበት ቤት፣ ያው አየር በማቀዝቀዣው እየተመላለሰ ሕፃናት ወደሚተኙበት ክፍል ይደርሳል። ማሽኑ ከመኖሪያ ክፍሎች ተለይቶ በሣጥን መሸፈን፣ ሰጋቱራውም በሚወጣበት ቦታ ደቃቅ ማጣሪያ ባለው ቫኪዩም መሳብ አለበት። ሠራተኛው ደቃቅ አቧራ የሚከላከል ማስክ ያድርግ፤ የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም። የደነዘዘ መቁረጫ ሰጋቱራን ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ ማሽኑን እየሠራ ትቶ መሄድም አይገባም።

ከቤይሽ እስከ ሳምጣ ባሉ ከተሞች ይህን ሙያ የሚጀምር ወጣት ሁሉ ለማሽኑ ካዘጋጀው ገንዘብ ላይ የአቧራ መሳቢያውንና የመለማመጃ እንጨቱን ዋጋ አስቀድሞ ቢቀንስ ይጠቀማል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም ለቤት ውስጥ ባለሙያዎች የሚሆኑ አጫጭር የማታ ትምህርቶችን ቢከፍቱ፣ ማሽን ሻጮችም የመቁረጫ ፍጥነትና የአቧራ መከላከያ መመሪያን ገዢው በሚያነበው ቋንቋ ቢያቀርቡ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የአባቶች ጥበብ ለልጆች የሚተላለፈው ልጆቹ በጤና ሲያድጉ ነውና፣ በየቤቱ የሚከፈት ወርክሾፕ ሥራውን በንጹሕ አየር ይጀምር።