ለሁለተኛው ገዢም በሩ ይከፈት

አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዙ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ጆሮው ላይ የሚደርሰው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ቀኑን ሙሉ የሚነገረው የአፓርታማ ማስታወቂያ ነው፤ ገና መሠረቱ ያልወጣ ሕንፃ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ጂም፣ ጥቂት በመቶ ቅድሚያ ክፍያ። ሌላው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወሬ ነው፤ «ዘንድሮ ይወጣል»፣ «ለቆጣቢዎች ቅድሚያ ይሰጣል»። ሁለቱም የሚያወሩት ወደፊት ስለሚሠራ ቤት ነው። ዛሬ ቆሞ ስላለው፣ ልጅ ስለሚያድግበት፣ ዕድርና ትምህርት ቤት ስላለው ሰፈር ሲወራ ብዙም አይሰማም። የእኔ ጉዳይ ግን እሱ ነው። ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ የቀረው እውነተኛ የቤት ገበያ ሰው የኖረበት ነባር ቤት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያንን ቤት በደመወዝ የሚገዛበትን መንገድ ግን ዘግተንበታል።

ምሳሌዬን ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ልውሰድ። ክፍለ ከተማው ብዙ ዓይነት መንደር ነው። በሳሪስ በኩል የደብረ ዘይትን መንገድ ተከትሎ፣ አደይ አበባን በመሰሉ ፋብሪካዎች ዙሪያ ሠራተኛው ጎጆ የቀለሰበት የቆየ ሰፈር አለ። በላፍቶና በለቡ የማኅበርና የግል ግቢዎች፣ በጎፋና በመካኒሳ ከነባሩ መንደር ጎን የቆሙ ኮንዶሚኒየሞች አሉ። በደቡብ ምዕራቡ ጫፍ ደግሞ ጀሞ አለ፤ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የቤቶች ልማት ፕሮግራም በአንድ አካባቢ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶችን ካቆመባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባለዕጣዎች ሲገቡ ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ፣ ታክሲውም ብርቅ ነበር። ዛሬ ምድር ቤቱ ሁሉ ሱቅ፣ ፋርማሲና የባንክ ቅርንጫፍ ሆኗል። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ግን እነዚያ ባለዕጣዎችና ተከራዮቻቸው እዚያው የኖሩባቸው ዓመታት ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአንዱ ብሎክ ሥር ቆም ብሎ ማየት ነው። በሁለት ሕንፃዎች መካከል አንዲት እናት ሸራ አንጥፈው በርበሬ ያሰጣሉ። ልጆች ለአንድ ብስክሌት ተራ ይጠባበቃሉ፤ ጥበቃው የማን ልጅ እንደሆኑ ከነስማቸው ያውቃል። የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ እንጀራ ይጋገራል። ደረጃው መግቢያ ላይ የወሩን የጥበቃና የፅዳት መዋጮ ያልከፈሉ ቤቶች ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጎረምሳ ሁለት ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ውኃው የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ላይኛው ፎቅ ላይ አይደርስም። ሊፍት የለም። ውስጡን የሚከፍለው የአግሮስቶን ግድግዳ ሚስማር በወጉ አይዝም፤ የጎረቤት ሳልም ይሰማበታል።

ጉድለቱን የዘረዘርኩት ቤቱን ለማጣጣል አይደለም። ነባር ቤት ትልቁ ጥቅሙ ጉድለቱ በዓይን መታየቱ ነው። ያልተሠራ አፓርታማ በሥዕል ላይ ሁልጊዜ ያምራል፤ ውኃው ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ፣ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ተነሥቶ እንደሚሄድ ግን ሥዕሉ አይነግርም። የጀሞን ቤት የሚገዛ ሰው ይህን ሁሉ ደረጃው ላይ ያገኛቸውን እማማ ጠይቆ ያውቃል። ወላድ ስትታረስ ገንፎ ይዘው የሚመጡ፣ ሐዘን ሲደርስ ድንኳን የሚተክሉ ጎረቤቶች አስቀድመው አሉ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው፣ ይህ በካሬ ሜትር የማይለካ ግን ቤተሰብ በየቀኑ የሚኖርበት ሀብት ነው።

ታዲያ ይህን ቤት ማን ይገዛዋል? ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው። የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፤ እሱ መምህር ነው፣ እሷ ነርስ ናት። ጀሞ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተከራይተው ሁለት ልጆች ያሳድጋሉ። አከራያቸው ቤቱን በዕጣ ሲያገኙ የዋጋውን 20 በመቶ ከፍለው፣ ቀሪውን በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኩል በረጅም ዓመት ብድር በየወሩ ሲከፍሉ ኖረው ጨርሰዋል። መሬቱም ግንባታውም የመንግሥት ድጎማ ነበረው። እነዚህ ባልና ሚስት ዛሬ ለኪራይ የሚያወጡት ወርሃዊ ገንዘብ አከራያቸው በዚያን ጊዜ ለባንክ ይከፍሉት ከነበረው ብዙ እጥፍ ነው። በየወሩ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። ሆኖም አከራያቸው ነገ «ልሸጥ ነው» ቢሏቸው ሊገዙት አይችሉም፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ገዢ ሚሊዮኖቹን ባንድ ጊዜ ቆጥሮ ማምጣት አለበት። አንዱ ቤት ለመጀመሪያው ባለቤት የ20 ዓመት፣ ለሁለተኛው የአንድ ቀን ክፍያ ነው።

ስለዚህ ለደመወዝተኛ ተብሎ የተሠራው ቤት ሲሸጥ ከደመወዝተኛው እጅ ይወጣል። የሚገዛው ጥሬ ገንዘብ ያለው ነጋዴ ወይም ከውጭ የሚልክ ዘመድ ያለው ነው፤ ብዙ ጊዜም ገዝቶ መልሶ ያከራየዋል። በዚህ ነጋዴውንም ዘመዱንም መውቀስ አይገባም። ጥፋቱ የአሠራራችን ነው።

የቤት ብድር የሚሰጡ ባንኮች አሉ። ጎሕ ቤቶች ባንክን የመሰለ ለዚሁ የተቋቋመ ባንክም በቅርብ ዓመታት ሥራ ጀምሯል። ነገር ግን የወለዱ ልክና የክፍያው ዘመን ማጠር ተደምረው ወርሃዊ ክፍያውን ከመምህር ደመወዝ በላይ ያደርጉታል። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የባንኮች ብድር ዕድገት ላይ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ደግሞ እንደ ቤት ብድር ያለ ቶሎ የማይመለስ ገንዘብ ባንኮችን አልማረካቸውም። ሌላም ስውር እንቅፋት አለ። በሽያጭ ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋና በእጅ የሚከፈለው ዋጋ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ባንክ የሚያበድረው በወረቀቱ ዋጋ ነው፤ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚሞላ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገዢ ከበር ይመለሳል።

ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት ፈቱት? ሲንጋፖር የቤቶች ልማት ቦርዷን ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። እኛ በኮንዶሚኒየም ላይ እንዳደረግነው እነሱም ባለቤቱ ከ5 ዓመት በፊት እንዳይሸጥ ይከለክላሉ። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው። ያገለገለ ቤት የሚገዛው ቤተሰብም የረጅም ዘመን ብድር ያገኛል፣ የጡረታ ቁጠባውን ለቤቱ ማዋል ይችላል፣ ገቢው አነስተኛ ከሆነም ድጎማ ይደረግለታል። በዚህ ምክንያት ቤቱ ከአንዱ ደመወዝተኛ ወደ ሌላው ደመወዝተኛ ይሸጋገራል። ሀብታቸው ከእኛ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ሀብት የሚጠይቅ አይደለም።

ለእኛ የሚሆነው መንገድ አጠገባችን አለ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ለ10/90፣ ለ20/80 እና ለ40/60 የቤት ፕሮግራሞች ተመዘገበ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዓመታት ቆጥበው ዛሬም ዕጣ ይጠብቃሉ። ሐምሌ 2014 የወጣው 14ኛው ዙር ዕጣ በመረጃው ላይ በተገኘ ማጭበርበር ተሰርዞ እንደገና ሲወጣ የተሰማቸውን አንረሳውም። እነዚህን ሰዎች እንዲህ ብንላቸው ምን ይጎዳል? «ፈቃዳችሁ ከሆነ ከወረፋው ውጡ፤ የቆጠባችሁትን እንደ ቅድመ ክፍያ ቆጥረን፣ ነባር ኮንዶሚኒየም እንድትገዙ የ20 ዓመት ብድር እንስጣችሁ።» ወረፋው ያጥራል፣ መንግሥት ለዚያ ቤተሰብ አዲስ ብሎክ አይሠራም፣ ቆጣቢውም መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ያለው ሰፈር ውስጥ ይገባል።

«ብድር ከበዛ ዋጋ ይንራል» የሚል ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ፍሬ ያለው ክርክር ነው። መልሱ ብድሩን መገደብ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ለሆነ፣ ሌላ ቤት ለሌለው፣ ገብቶ ለሚኖርበት ቤተሰብ ብቻ ይሰጥ፤ የቤቱ ዋጋም ጣሪያ ይኑረው። አዲስ ግንባታውም አይቁም። የምከራከረው የተሠራውን ረስተን ባልተሠራው ላይ ብቻ እንዳንንጠለጠል ነው።

ከባንኮች ሌላ የቤቶቹ ባለቤቶችም ድርሻ አላቸው። የጋራ ሕንፃ ባለቤቶችን በማኅበር የሚያደራጀው አዋጅ ቁጥር 370 ከ1995 ጀምሮ አለ። ማኅበሩ የጠነከረበት ብሎክ ደረጃው ይጠገናል፣ ጣሪያው አያፈስም፣ የጋራ ሮቶና ፓምፕ ተገዝቶ ውኃ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። ማኅበሩ በስም ብቻ የቀረበት ብሎክ ግን በጥቂት ዓመታት ያረጃል። ማኅበርን ማጠናከር የቤትን ዋጋ መጠበቅ ነው።

እስከዚያው ድረስ አጠራቅሞም ተበድሮም ሊገዛ ለተነሣ ቤተሰብ የምለው አለኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ከሁሉ በፊት በውክልና ብቻ የሚሸጥ ቤት አትግዙ። በሕጋችን ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል፤ ያኔ ገንዘብ የከፈለው ገዢ ከወራሾች ጋር ፍርድ ቤት ይመላለሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ ደላላው ቤት ወይም ካፌ ውስጥ በምስክር የተፈረመ ወረቀት ይህን አይተካም። ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የቤተሰብ ሕጉ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃልና ባለቤታቸውም ቀርበው ይፈርሙ። ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት ዕገዳ እንደሌለበት ማኅደሩ ካለበት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ። ግቢ ያለው ነባር ይዞታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በሊዝ አዋጅ 721/2004 መሠረት በውርስ ካልሆነ በቀር የተላለፈ ይዞታ ወደ ሊዝ እንደሚገባ አውቃችሁ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ።

ርካሽ ነው ተብሎ በገበሬ ውል የሚሸጥ ቦታም አያጓጓችሁ። ሰኔ 2008 በዚሁ ክፍለ ከተማ በሃና ማርያም አካባቢ ሕገ ወጥ የተባሉ ቤቶች ሲፈርሱ ያጠራቀሙትን ሁሉ ያፈሰሱበት ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ወድቀዋል፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል። ወሰንም ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባና ኦሮሚያ ነሐሴ 2014 ወሰናቸውን ሲያካልሉ ጀሞ ቁጥር 2 ወደ አዲስ አበባ፣ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሆነዋል። መታወቂያው፣ ካርታው፣ የልጁ ትምህርት ቤት የሚመሩበት አስተዳደር በዚህ ይወሰናል። በተለይ የክፍለ ከተማው ዳርቻ ላይ የምትገዙ ጠይቁ።

ወረቀቱ ከጸዳ በኋላ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ብቻ አይታችሁ አትወስኑ። ጠዋት በታክሲ ሰዓት፣ ማታ ከመሸ በኋላ፣ ውኃ በሚጠፋበት ቀን ሂዱ። ዕድሩን ማን እንደሚመራው፣ ማኅበሩ መዋጮውን በምን እንደሚያውለው ጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ጎረቤት ካገኛችሁ ቤቱ ግማሽ ዋጋውን ከፍሏል።

ለከተማ አስተዳደሩ፣ ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ኃላፊዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። ጀሞን፣ ጎፋንና መካኒሳን የመሰሉ ሰፈሮች በሕዝብ ገንዘብ ለሕዝብ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያውን ባለቤት በ20 በመቶና በ20 ዓመት አስገብታችኋል፤ መልካም ሥራ ነበር። ያንኑ ዕድል ለሁለተኛው ገዢም ስጡ። ያ መምህርና ያቺ ነርስ ኪራዩን ባንድም ወር አላጓደሉም፤ የባንክ ክፍያም አያጓድሉም።