ከመርከቡ በፊት ጭነቱ

ሞጆ ባሕር የላትም፤ ወደብ ግን አላት። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በዚህች ከተማ ደረቅ ወደብ ውስጥ መርከብ አይታይም። የሚታየው ጅቡቲ ላይ ከመርከብ ወርዶ በከባድ መኪናና በባቡር የመጣ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረደረ ኮንቴይነር ነው። ይሁን እንጂ መርከብ ለሚመርጥ ሰው ከዚህ ደረቅ ግቢ የሚገኝ ትምህርት አለ።

በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ለዕረፍት፣ ለጫጉላ ወይም ከአገር ቤት ያስመጧቸውን ወላጆቻቸውን ለማስደሰት በሽርሽር መርከብ ላይ ቦታ ያስይዛሉ። ከዚያ በፊት መርከቦችን ያነጻጽራሉ፦ የትኛው ይረዝማል? ስንት ፎቅ፣ ስንት የመዋኛ ገንዳ አለው? ማነጻጸሩ ደግ ነው፤ መነሻው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል።

ሞጆ ላይ ዕቃ የሚረከበውን ነጋዴ እንመልከት። ባለ 40 ጫማው ኮንቴይነር በስፋቱ የባለ 20 ጫማው እጥፍ ነው። የሚፈቀድለት ክብደት ግን እጥፍ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ሣጥኑን ጨምሮ በ30 ቶን አካባቢ ይቆማሉ። ስለዚህ ብረት የሚያስመጣ ሰው ትልቁን ቢመርጥ ለአየር ይከፍላል፤ ስፖንጅ የሚያስመጣ ደግሞ ትንሹን ቢመርጥ ቦታ ያጥረዋል። ነጋዴው «ትልቁ የቱ ነው?» ብሎ አይጀምርም፤ «የምጭነው ምንድን ነው?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

የሽርሽር መርከብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። በጥር 2016 ዓ.ም. ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ያደረገው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» 365 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ 20 ፎቆችና ከ248 ሺሕ በላይ ጠቅላላ ቶኔጅ አለው። ቶን ሲባል ክብደት ይመስላል፤ ይህ ልኬት የሚናገረው ግን ስለ መርከቡ የውስጥ ስፋት ነው። በአንድ ክፍል ሁለት ሰው ሲታሰብ ለሚይዛቸው 5,610 መንገደኞች ብናካፍለው ለአንድ ሰው 44 ገደማ ይደርሳል። የጀርመን ኩባንያ መርከብ የሆነችው «ኦይሮፓ 2» ቶኔጇ 43 ሺሕ ያህል ብቻ ነው፤ መንገደኞቿ 500 ገደማ ስለሆኑ ግን ለአንዱ ከ80 በላይ ይደርሰዋል። ዋጋዋ የዋዛ ባይሆንም፣ ትንሿ ከግዙፉ ይልቅ ሰፋች ማለት ነው።

ትልቁ መርከብ ከንቱ ነው አላልኩም። ሦስት ልጆች ይዞ ለሚሄድ አባት ሰባቱ የመዋኛ ገንዳዎችና ስድስቱ የውኃ መንሸራተቻዎች ገንዘብ የሚያወጡ ናቸው። ተጓዧ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት የሚጾሙ እናት ቢሆኑስ? ያን ጊዜ ጥያቄው ይለወጣል። ክፍላቸው ከአሳንሰሩ ምን ያህል ይርቃል? ወጥ ቤቱ ቀድሞ ቢነገረው የጾም ምግብ ያዘጋጃል? መርከቡ ወደቡን ይጠጋል ወይስ መንገደኛውን በጀልባ ያወርዳል? የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዘው መርከቡ የሚደርስባቸው አገሮች ያስገቧቸዋል? ወደ ተነሡበት አገር ለመመለስስ ቪዛቸው ዳግመኛ ያስገባቸዋል? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በማስታወቂያ ላይ ከገንዳዎቹ ሥዕል ጎን አይታይም፤ መልሱ «አያስገባም» ከሆነ ግን ስለ ፎቆቹ ብዛት መጠየቅ ትርፉ ድካም ነው።

የዓመታት ቁጠባ የሚወጣበት ጉዞ ነውና ሒሳቡን ከሰው እንጀምር። አብሮን የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚከብደውና ምን እንደሚያስደስተው በወረቀት ላይ እናስፍር፤ የመርከቦቹን ርዝመት ከዚያ በኋላ እንይ። መልካም ጉዞ!