የወለድ ጣሪያና የጋሼ የአክሲዮን ወረቀት



ባለፈው በዚሁ ዓምድ ስለ ዕቁብ ከጻፍኩ በኋላ አንድ ደብዳቤ ከጊንጪ ደርሶኛል። ጸሐፊው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነው። ከአንድ ነጋዴ 30,000 ብር ተበድሮ 45,000 ብር ተበደርኩ ብሎ ፈርሟል። ጥያቄው አጭር ነው፤ «መንግሥት የወለድን ልክ በሕግ ቢወስንልን ምን ነበረበት?» ይላል። መልሱን ለመስጠት ሁለት ሳምንት አሰብኩበት፤ ምክንያቱም ሕጉ አለ። ያለውም ከዚህ ልጅ አባት ልደት በፊት ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን ግን ከሩቅ ልጀምር። በጥር 2018 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ እዚህ አምቦ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ሁላችን ጋሼ የምንላቸው የታሪክ መምህር ከስልካቸው ላይ አንድ ወሬ ጮክ ብለው አነበቡልን። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የክሬዲት ካርድ ወለድ ለአንድ ዓመት በመቶ 10 እንዳይበልጥ ጠይቀዋል። ክሬዲት ካርድ ማለት በዱቤ ዕቃ የሚገዛበት የባንክ ካርድ ነው፤ የወሩን ዕዳ በቀኑ ያልጨረሰ ሰው በቀሪው ላይ ወለድ ይቆጠርበታል። በዚያ አገር ይኸ ወለድ በአማካይ በመቶ ከ20 በላይ ነው። ጋሼ፣ «እሰይ! ድኻ አሰቡ!» አሉ። ሰኞ ገበያው በተከፈተ ጊዜ ግን በካርድ ብድር የሚኖሩት የካፒታል ዋንና የሲንክሮኒ አክሲዮኖች ዋጋ በብርቱ ወደቀ። ብዙ ዓይነት ሥራ ያለው ጄ.ፒ. ሞርጋንም ወርዷል፤ የእርሱ ግን ያን ያህል አልነበረም።

ጋሼ ተገረሙ። «ሕግ አልወጣ፣ ምክር ቤቱ አልመከረበት፤ ወሬ ብቻ ነው። አክሲዮኑ በወሬ ይወድቃልን?» አሉኝ። በኮሌጅ ሳለሁ ጥቂት የኢኮኖሚ ትምህርት ስለ ቀመስኩ እንዲህ ያለው ጥያቄ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል።

አንባቢዬ ሆይ፤ እባክዎን እርሳስ ያንሡ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል እኔ ያወጣሁት ነው። አንድ አበዳሪ 100 ብር በመቶ 20 ወለድ ያበድራል እንበል። ከዚህ ከ20 ብር ውስጥ ለገንዘብ አስቀማጩ 7 ብር ይከፍላል። ለጸሐፊውና ለዘበኛው ደመወዝ፣ ለቤት ኪራይ፣ ለወረቀት 6 ብር ይወጣል። ከተበዳሪዎቹ መካከል አንዳንዱ ስለማይከፍል 5 ብር ይጠፋል። ቀሪው ትርፍ 2 ብር ነው። አሁን ሕግ መጥቶ «ከ19 አይበልጥ» አለ እንበል። ተበዳሪው ከሃያው አንድ ብር ተረፈው፤ ምናልባትም ልብ አይለውም። የአበዳሪው ትርፍ ግን ከ2 ወደ 1 ወረደ፤ እኩሌታው ጠፋ ማለት ነው። በዓመት 200 ብር ያስገኝ ስለነበረ 1,000 ብር ያወጣ የነበረው አክሲዮን ከእንግዲህ 100 ብር ብቻ የሚያስገኝ ከሆነ፣ አስተዋይ ገዢ ከ500 ብር በላይ አይሰጥበትም። ጣሪያው 10 ቢሆንማ ወጪው ብቻ 18 ነውና ብድሩ ራሱ ይቀራል።

በአክሲዮን ገበያ ሰው የሚገዛው የነገን ትርፍ ነው። ስለዚህ ሕጉ ባይወጣም «ይወጣ ይሆናል» የሚለው ጥርጣሬ ብቻ ዋጋውን ያወርደዋል። ጄ.ፒ. ሞርጋን ለምን ቀለል ብሎ እንደ ወረደም እንዲሁ ግልጽ ነው፤ ጤፍ ብቻ የዘራ የጌዶ ገበሬና ጤፍም ኑግም ከብትም ያለው ገበሬ በረዶ በወረደ ቀን እኩል አያለቅሱም።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ዝም አሉ። ለካ እሳቸውም ባለአክሲዮን ናቸው! ከደመወዛቸው ቆጥበው ከአንድ የግል ባንክ ሃያ አክሲዮን ገዝተዋል፤ ወረቀቱን በሣጥን ቆልፈው ያኖሩታል። በዚያው ሳምንት ደግሞ ለልጃቸው ትምህርት 60,000 ብር ብድር ይፈልጉ ነበር። እንግዲህ ወለድ ሲወርድ በአንድ ኪሳቸው ይደሰታሉ፣ በሌላው ኪሳቸው ያዝናሉ። ብዙዎቻችን ወር ተቀባዮች እንደዚሁ ነን። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብ ራሱ ለሌላው የሚበደር ነው።

ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሆነ ነገር እንዳይመስልዎ ወደ ጎረቤታችን ወደ ኬንያ እንሻገር። በ2016 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የባንክ ብድር ወለድ ከማዕከላዊው ባንክ መነሻ ወለድ ከ4 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ የሚያዝዘውን ሕግ ፈረሙ። መነሻው ያን ጊዜ 10.5 ስለነበረ ጣሪያው 14.5 ሆነ። በማግስቱ በናይሮቢ ገበያ የኬ.ሲ.ቢ.ና የኢኩቲ ባንክ አክሲዮኖች ወደቁ። ባለአክሲዮኑ አዘነ፤ ሕዝቡ ደስ አለው። ነገር ግን ባንኮቹ ጥቂት ቆይተው አንድ ብልሃት አገኙ። አደጋ ላለበት ለትንሹ ነጋዴ በ14.5 ከማበደር ይልቅ ለመንግሥት ማበደር ይሻላል አሉ፤ መንግሥት አይጠፋም፣ ሱቁን ዘግቶ አይኮበልልም። ደመወዙ የታወቀው ሠራተኛና ትልቁ ኩባንያ ርካሽ ብድር አገኘ፤ የጉልት ነጋዴዋ ግን በሩ ተዘጋባት።

እርሷም ወደ ስልክ ብድር ሄደች። ኤም ሽዋሪ የተባለው የስልክ ብድር ለ30 ቀን በመቶ 7.5 ያስከፍል ነበር፤ ስሙ ግን ወለድ ሳይሆን «የአገልግሎት ክፍያ» ነው። በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ቢያባዙት 90 ይሆናል። ጣሪያው 14.5 ሆኖ ሳለ ከጎኑ 90 ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሕጉ በ2019 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ተሻረ።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች በብድር ላይ በዓመት በመቶ ከ12 የበለጠ ወለድ እንዳይስማሙ ይከለክላል። ከዚያ በላይ የተዋዋሉ እንደሆነ ተበዳሪው የሚከፍለው በመቶ 9 ብቻ ነው። መልካም ሕግ ነው፤ ድፍረቱም ያስደንቃል። ነገር ግን የጊንጪውን ወዳጃችንን ወረቀት ይመልከቱ። በወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል ከቶ የለም! 45,000 ብር ተበደርኩ ይላል፣ ፊርማ አለበት፣ ምስክሮች አሉበት። ዳኛው ፊት የሚቀርበው ይኸው ወረቀት ነው። ነጋዴው ሕጉን አልጣሰም ለማለት ሕጉን አንብቦ ነው የጻፈው። አያቶቻችንም ቢሆኑ ይህን ያውቁ ነበር፤ ወለድ አገድ የሚባለው ምንድን ነው? ገንዘቡ እስኪመለስ አበዳሪው መሬቱን ያርሳል፣ እህሉን ይበላል፤ «ወለድ አልወሰድኩም» ብሎም ይምላል።

ባንኮቻችን በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የሚተዳደሩ ናቸው፤ የማበደሪያ ወለዳቸውንም ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ራሳቸው ይተምናሉ። ቢሆንም ትርፋቸው ሳይነካ አልኖረም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ለሚሰጡት አዲስ ብድር ሁሉ የብድሩን በመቶ 27 እያሰሉ የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ታዝዘው ነበር። ሰነዱ በመጀመሪያ የሚከፍላቸው በመቶ 3 ነበር፤ እነርሱ ግን ለአስቀማጩ ቢያንስ በመቶ 5 መክፈል ነበረባቸው። የአምስት ብሩን በሦስት መሸጥ ማለት ይኸ ነው። ጋሼ አክሲዮናቸውን የገዙት በዚያን ዘመን ሲሆን፣ ወዳጆቻቸው «ገንዘብዎን ጣሉት» ብለዋቸው ነበር። አልጣሉትም። ባንኮቹ በውጭ ምንዛሪ፣ በዋስትና ደብዳቤ፣ በገንዘብ ማስተላለፍ ኮሚሲዮን ትርፋቸውን አገኙት። ያን ኮሚሲዮን ማን ከፈለው? ጋሼ ይህን ስጠይቃቸው «እኔ ነኛ!» አሉ።

በአሜሪካ በአንድ ሰኞ የሚታየውን ነገር ባለአክሲዮኖቻችን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሚያውቁት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላ ጉባዔ ቀን ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በአዲስ አበባ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆኗል። እንግዲህ ስለ ወለድ የሚወራ ወሬ የእኛንም ወረቀት የሚያናውጥበት ቀን ሩቅ አይመስለኝም። ብድርም በስልካችን ከገባ ቆይቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ አነስተኛ ብድር መስጠት ጀመረ፣ ሌሎችም ተከተሉ።

ታዲያ ለጊንጪው ወዳጄ ምን ልበለው? እኔ የወለድ ጣሪያ ጠላት አይዶለሁም። ለሦስት ወር በ30,000 ላይ 15,000 የሚወስድ ሰው ልጓም ያስፈልገዋል። ነገር ግን ወለድ የሚለውን ቃል ብቻ የሚቆጥር ጣሪያ ቃሉን ያስለውጣል እንጂ ዋጋውን አያወርድም። የሚቆጠረው በእጅ የገባውና ከእጅ የሚወጣው ገንዘብ መሆን አለበት፤ የአገልግሎት ክፍያ ቢሉት፣ ቅጣት ቢሉት፣ ማመስገኛ ቢሉት። ጣሪያውም በጣም ዝቅ ያለ እንደሆነ አበዳሪው ትንሹን ሰው ይተወዋል። ይህን በክፋት አያደርገውም። የብድር ሠራተኛ ከአምቦ እስከ ባኮ ሄዶ የ5,000 ብር ተበዳሪ ለማየት የሚያወጣው የመኪናና የውሎ አበል 500,000 ብር የሚበደረውን ለማየት ከሚያወጣው አያንስም። ትንሽ ብድር ውድ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የቀድሞው የኦሮሚያ ብድርና ቁጠባ፣ ኋላ ሲንቄ ባንክ የተባለው፣ ሰዎችን በቡድን ዋስ ያደርግ የነበረውም ይህንኑ ወጪና ኪሣራ ለማቅለል ነው።

ጋሼ ባንክ አልሄዱም። ቅዳሜ ዕለት በዕቁባቸው የ60,000 ብር ዕጣ ለአንድ ባለሱቅ ወጣ። ጋሼ ወደ ጎን ጠርተው አነጋገሩትና ዕጣውን በ4,000 ብር ገዙት፤ 56,000 በእጃቸው ገባ፣ የእሳቸው ዕጣ ሲወጣ ባለሱቁ 60,000 ይወስዳል። ሰኞ በማረፊያ ክፍሉ ደስ ብሏቸው ነገሩን። ከአራት ወር በኋላ ይወጣል ብዬ ገምቼ ባሰላው በዓመት በመቶ 21 ያህል መጣብኝ። ቁጥሩን አሳየኋቸው።

«ይኸ ወለድ አይዶለም፤» አሉ ጋሼ፣ «ሰውየው ተቸግሮልኛል፣ አመሰገንኩት።»

ደወል ተደወለ። እርሳሴን ኪሴ ከትቼ ወደ ክፍል ገባሁ።