ለቪ8 አስር ካሬ፣ ለእናቶቻችን አስፋልት

ወገን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ሳትቆጣ መልስልኝ። ከስድስት ኪሎ ተነስተህ፣ ሽሮ ሜዳን አልፈህ፣ በእግርህ እንጦጦ ማርያም ወጥተህ ታውቃለህ? በመኪና አላልኩህም፣ በእግር። ወጥተህ ከሆነ የምጽፈውን ሳልጨርሰው ታውቀዋለህ። ካልወጣህ አንድ ቀን ውጣና የእግረኛ መንገዱን ለቀህ አስፋልት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደገባህ ቁጠር። ያስገባህ ምን እንደሆነም ልብ በል። የቆመ መኪና ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ቁመቱ ከአንተ የሚስተካከል፣ ሁለቱን ጎማ ጠርዙ ላይ ሰቅሎ የቆመ ትልቅ መኪና ነው።

እኔ ድግሪ ይዤ ሥራ የምፈልግ ሰው ነኝ። ጊዜ አለኝ፣ የታክሲ ብር የለኝም። ስለዚህ መንገድ ዳር ምን እንዳለ ከባለመኪናው ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ያንን ዳገት የሚረግጠው ማን ነው? ከጫካው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ የሚወርዱ እናቶች አሉ። ሸክሙ ጎን ለጎን ስለሚሰፋ ቀና ብለው ከኋላ የሚመጣውን ማየት አይችሉም። ለማርያምና ለኪዳነ ምሕረት ጸበል ሌሊት የሚወጡ፣ ጄሪካን ያንጠለጠሉ፣ ገሚሶቹ በሕመም የደከሙ ሰዎች አሉ። ጎህ ሳይቀድ የሚሮጡ አትሌቶቻችን አሉ፤ ዓለም ላይ ባንዲራችንን ያስሰቀሉት በዚህ 3 ሺህ ሜትር በሚያልፍ ተራራ ላይ ተንፍሰው ነው። ቦርሳ ያነገቡ ተማሪዎች አሉ። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም፣ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ በእግረኛና ብስክሌት ስትራቴጂው ላይ የጻፈው ነው። በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው ሰውም አብዛኛው እግረኛ ነው። እንግዲህ ብዙኃኑን ከጠርዝ አውርደን አስፋልት ውስጥ የጣልነው ጥቂቶች መኪናቸውን ከካፌው በር ሁለት እርምጃ እንዳያርቁ ብለን ነው።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ተምረን የለ? (ሌላ ምን አደረግንበት!) ላንድክሩዘር 200፣ እኛ ቪ8 የምንለው፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ሊሞላ የሚቀረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ነው። ስፋቱም 2 ሜትር ሊሞላ እንደዚያው። ዝም ብሎ ቆሞ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ይይዛል ማለት ነው። ቪትዝ በርዝመቷ 4 ሜትር እንኳ አትሞላም።

10 ካሬ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። በጉለሌ ጓሮዎች ውስጥ አባት፣ እናትና ልጆች ተጠጋግተው የሚያድሩበት የኪራይ ክፍል ነው። በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ፣ ከልጆቹ አፍ ነጥቆ ወር በወር ሲቆጥብ ኖሮ ዛሬም ዕጣ የሚጠብቅ ሰው አለ። መኪናው ግን ምዝገባም ዕጣም አያስፈልገውም። ጠርዝ ላይ ወጣ፣ ሞተሩን አጠፋ፣ በቃ፣ ቦታ አገኘ። ያውም ዋና መንገድ ዳር።

መኪና ለዚህች ከተማ አዲስ እንግዳ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ መኪና ይዞላቸው ሲመጣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ተሳፍረው ሞክረዋል። አባቶቻችን ዘመናዊ ነገር አልፈሩም፣ እኛም አንፈራም። ጥያቄያችን መኪናው ለምን መጣ አይደለም፤ ሲቆም በማን ቦታ ይቆማል ነው።

እዚያው መንገድ ላይ አንድ ነገር አለ፣ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ የአሜሪካን ኤምባሲ አጥር ታልፋለህ። አጥሩ ሥር ማንም መኪና አያቆምም። አምስት ደቂቃ አይቆምም፣ "ስልክ ላንሳ" ብሎም አይቆምም። ያው ሹፌር፣ ያው መኪና፣ ትንሽ ከፍ ብሎ የሽሮ ሜዳ ባህል ልብስ ሱቆች ጋ ሲደርስ የእግረኛ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ ይቆማል፤ ወርዶም ቀሚስ ይመርጣል። ስለዚህ "ሀበሻ ሥርዓት አያውቅም" የሚለውን ወሬ ተወው። አሳምሮ ያውቃል! የሚፈራው ሲኖር ያውቃል። ለባዕድ አጥር የሚሰጠውን ክብር ለገዛ ወገኑ እግር መስጠት ነው ያቃተው። ነገሩ የመኪና ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

የበዓል ዋዜማ ደግሞ እይ። እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ጥምቀት ሲቃረብ አገሩ ሁሉ ልብስ ሊገዛ ሽሮ ሜዳ ይመጣል፤ ይምጣ፣ ሸማኔው እንጀራ የሚበላው በዚያ ነው። ግን በሁለቱም በኩል መኪና ተደርድሮ መሐል ላይ ሚኒባስ ከሚኒባስ ጋር ተፋጥጦ ሲቆም፣ ከላይ ከእንጦጦ ታማሚ ይዞ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል የሚወርድ አምቡላንስ በየት ይለፍ? በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ እንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ ቅዳሜና እሁድም ዋዜማ ሆኗል። ፓርኩን አልጠላሁትም፣ ዛፍ የሚጠላ ሰው የለም። ንጹሕ አየር ፍለጋ ወጥተህ ጭስህን ለእንጨት ተሸካሚዋ ትተህላት ስትወርድ ግን ትንሽ አይሰማህም ወይ?

"መንግሥት ትልቅና ትንሽ መኪና እንዴት ይለያል?" ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሲፈልግ ይለያል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናውን ሞተር በሲሲ እየለካ ነው የሚያስከፍለው፤ ሞተሩ ከ1,300 ሲሲ ለማይበልጠው ትንሽ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ለሆነው ብዙ። ጉምሩክ ላይ መለኪያ አለ ማለት ነው። መኪናው ታርጋ ለጥፎ መንገድ ላይ ሲወጣ መለኪያው የት ይጠፋል? መንገድ ዳር ያሉት የፓርኪንግ ልጆች ትኬት ሲቆርጡ የሚያዩት ሰዓት ነው እንጂ ርዝመት አይደለም። ቪትዟና ቪ8ቱ እኩል ናቸው።

እኩል ቢሆኑስ ጥሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የወጣ ልጅ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተደራጅቶ ትኬት ይቆርጣል። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራው ነው። የተማረው ሲቪል ምህንድስና ነው፤ "መንገድ መሥራት ተምረህ መንገድ ላይ ዋልክ" እያልን እንቀልድበታለን፣ እሱም ይስቃል፣ ግን ስቆ ዝም ይላል። እንደሚነግረኝ ትንሿን መኪና የያዘችው እህታችን "ስንት ሆነ ወንድሜ?" ብላ ከፍላ ትሄዳለች። ትልቁ መኪና ሦስት ሰዓት ቆሞ ሲያበቃ መስታወት ሳያወርድ ይነሳል። ሮጦ ከደረሰበት "የመንግሥት መኪና ነው፣ ታርጋውን አታይም?" ይባላል። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የጎደለውን ማን የሚሞላ ይመስልሃል? ራሱ ነው። የኮድ 4ን የፓርኪንግ ዕዳ ሥራ ያጣ ምሩቅ ከኪሱ ይከፍላል። ይህን ስሰማ ነው ነገሩን ልጽፈው የወሰንኩት።

አሁን የሚመጡትን መልሶች አውቃቸዋለሁ።

"ቅናት ነው" ይባላል። ሰው ሠርቶ ያገኘውን ይንዳ፣ እግዚአብሔር ይጨምርለት። ግቢው ውስጥ ሦስት ያቁም፣ አራት ያቁም፣ ቃል አልናገርም። መንገዱ ግን ከመኪናው ጋር አልተሸጠለትም።

"አገራችን ተራራ ናት፣ ትልቅ መኪና የግድ ነው" የሚል ደግሞ አለ። አዎ የግድ ነው! የት ነው የግድ የሆነው ግን? ከጃናሞራ፣ ከሰቆጣ ገጠር፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ተሸክመዋት ሰዓታት የሚጓዙበት አገር ነው ያለን። ያንን ጭቃና ገደል የሚሻገረው ይኸው ላንድክሩዘር ነው፤ አምቡላንስ ሆኖ ሲሄድ ነፍስ ያድናል። ለጭቃ የተሠራውን መኪና አምጥተን አስፋልት ላይ ለማኪያቶ እናቆመዋለን፤ ለእናቲቱ ቃሬዛውን ተውንላት። ይህን ተራራ የሚጠቅስ ሰው መጀመሪያ ተራራው ላይ ያሉትን ይቁጠር።

"የኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስ የለውም" የሚለው አዲሱ መልስ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ቢዋይዲው፣ አይዲ ፎሩ፣ አይዲ ሲክሱ ከተማውን ሞልቶታል። ነዳጅ በዶላር ለሚገዛ አገር ጥሩ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን አይዲ ሲክስም 5 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጭስ የለውም፣ ቦታ ግን ይበላል። በዚያ ላይ እነዚህ መኪኖች በ2014 ዓ.ም. ከኤክሳይዝ ታክስ ነፃ ተደርገዋል፤ ያ ያልተከፈለ ግብር የሕዝብ ገንዘብ ነው። የማስገቢያውን ቀረጥ ከቀነስንላቸው የማቆሚያውን ቢከፍሉ ምን ይጎዳቸዋል?

"ታዲያ የት እናቁም?" ይህኛው እውነተኛ ጥያቄ ነው። መስቀል አደባባይ ሥር ለ1,400 መኪና የሚሆን ቦታ ተሠርቷል፣ መገናኛም መኪና ወደ ላይ እየደረደረ የሚያቆም ፓርኪንግ አለ። አይበቃም። ግን ሌላ ቦታ ነበረን፤ ሕንፃዎቹ ሥር። ሕንፃ ሲፈቀድ በፕላኑ ላይ ምድር ቤቱ ፓርኪንግ ተብሎ ይፈቀዳል። ከዚያ ሱቅ ይሆናል፣ መጋዘን ይሆናል፣ ምግብ ቤት ይሆናል። ከተማው ስንት ጊዜ ዘመቻ ወጣበት፤ ዘመቻው ሲያልፍ ሱቁ ይመለሳል። ባለሕንፃው የምድር ቤቱን ኪራይ ይሰበስባል፣ የደንበኞቹን መኪና ወደ እግረኛ መንገድ ይገፋል፣ እግረኛው ወደ አስፋልት ይገፋል። በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ያችው ጭራሮ የተሸከመች እናት ናት።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? በጥር 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ነዋሪዎቿን ድምፅ አሰጠች። የወጣው መራጭ ከመቶ 6 አይሞላም፣ ግን ከመረጡት ከ54 ከመቶ በላይ የሚሆኑት "ከባድ መኪና ሦስት እጥፍ ይክፈል" አሉ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የከተማው ነዋሪ ያልሆነ ሰው ከ1.6 ቶን በላይ የሚመዝን መኪና መሐል ፓሪስ ላይ ሲያቆም በሰዓት 18 ዩሮ ይከፍላል። ኤሌክትሪክ ከሆነ ገደቡ 2 ቶን ነው፤ ነፃ አላወጡትም። ፈረንጅ ስላደረገው እናድርገው አልልም፣ ያ የኛ መንገድ አይደለም። ግን ቪ8ን ሠርታ የላከችልንን ጃፓንን ተመልከት። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ሕጓ፣ ከተማ ውስጥ መኪና ለማስመዝገብ መጀመሪያ የምታቆምበት ቦታ እንዳለህ ከፖሊስ ማረጋገጫ ታመጣለህ። ቦታ ከሌለህ መኪና የለህም። ሠሪዋ በገዛ መንገዷ ላይ የማትፈቅደውን እኛ ጠርዛችን ላይ ሰቅለን እናጨበጭብለታለን።

ማጨብጨቡ ላይ ደግሞ አንተም አለህበት ወንድሜ። የሰው ቪ8 ተደግፈህ ፎቶ ተነስተህ ፕሮፋይል ያደረግኸው አንተ ነህ። ሠርግ ላይ "ስንት ቪ8 ተሰለፈ" ብለህ የምትቆጥረው፣ ባለቪ8 ካፌ ሲገባ ወንበር የምትለቅለት አንተ ነህ። ከዚያ ማታ ስለ ሕዝብ ክብር ትጽፋለህ። እናትህ ከመኪናው ሥር ተሽሎክልካ ያለፈችበትን መንገድ ሳታይ የምን ክብር ነው?

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው። በኅዳር 2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ መንገዶች ለግማሽ ቀን ከመኪና ነፃ ሲሆኑ ስንት ሕፃን አስፋልት ላይ ኳስ እንደተጫወተ አይተናል። ስሙ ጥሩ ስም ነበር፤ አሁን ለእሁድ ጠዋት ብቻ ሳይሆን ለዘወትር ይሁን። የመንገድ ዳር ክፍያ እንደ መኪናው ርዝመትና ክብደት ይሁን። ጠርዝ ላይ የወጣ መኪና በየትኛውም ታርጋ ይነሳ፤ የሚጀመረውም ከኮድ 4 ይሁን፣ ምክንያቱም ሕዝቡ ሕግን የሚማረው ከባለሥልጣኑ መኪና ነው። የፓርኪንግ ልጆቹ የማይከፍለውን መኪና ታርጋ መዝግበው የሚያስከፍሉበት አሠራር ይኑር፤ ዕዳው ከደመወዛቸው አይነሳ። የሚሰበሰበው ገንዘብ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ላለው ዳገት፣ ሸክም የያዘ ሰው የሚያልፍበት ሰፊ የእግረኛ መንገድ ይሥራበት።

የጉለሌ ልጆች፣ ወረዳው የሕዝብ ውይይት ሲጠራ "ምን ያደርጋል" ብላችሁ አትቅሩ። ግቡ፣ እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የሽሮ ሜዳን የእግረኛ መንገድ ዘግቶ የቆመን የመንግሥት መኪና የሚቀጣው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ባለፈው ወርስ ስንቱን ቀጣ? መልሱን ቃል በቃል ጻፉልን፣ ሳንቀንስ ሳንጨምር እዚሁ እንለጥፈዋለን።