ሽማግሌ የጎደለበት ሸንጎ

በ2012 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ የኮሮና ወረርሽኝ ሰውን ሁሉ በየቤቱ በከተተበት ሰሞን፣ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ሂሊያርድ ካለው ቤቴ ደጃፍ የፖስታ ሣጥን ውስጥ የፍርድ ቤት ማኅተም ያረፈበት አንድ ፖስታ አገኘሁ፤ ያን ጊዜ ከውጭ የመጣ ወረቀት ሁሉ እንደ ሕሙም ልብስ ይፈራ ነበርና፣ ባለቤቴ ፖስታውን በሁለት ጣቷ ይዛ ጋራዥ ውስጥ ከመዶሻውና ከመጋዙ አጠገብ አኖረችው። ሦስት ቀን እዚያው ከቆየ በኋላ ስከፍተው የጁሪ መጥሪያ ሆኖ ተገኘ። የምቀርብበት ቀንና ሰዓት፣ ባልቀርብም የሚከተለው ቅጣት ተጽፎበታል። ዕድሜዬ ያን ጊዜ 71 ነበረ።

የጁሪን ነገር ላላየው አንባቢ ጥቂት ልናገር። በኦሃዮ ከባድ ወንጀል ሠርተሃል ተብሎ የተከሰሰን ሰው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም የሚሉት፣ ተከሳሹ ይህን መብት ካልተወ በቀር፣ ከሕዝቡ መካከል በዕጣ የተጠሩ 12 ሰዎች ናቸው፤ እነርሱም ሁሉም በአንድ ቃል ካልተስማሙ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም። በፍትሐ ብሔር ክርክር 8 ሰዎች ይበቃሉ፤ ከእነርሱ 6ቱ ከተስማሙም ነገሩ ያልቃል። የዕጣው ስም የሚወጣው ከመራጮች መዝገብ ነውና፣ ዜግነት ተቀብሎ ለመምረጥ የተመዘገበ ወገናችን ሁሉ ስሙ ከዚያው ይገኛል። ብዙዎቻችን ቀኝ እጃችንን አንሥተን በማልንበት ዕለት የምርጫ ድምፅና ፓስፖርት የምንቀበል እንጂ የፍርድ መንበርም ጭምር የምንቀበል አልመሰለንም ነበር።

የኦሃዮ ሕግ ከዚህ ግዴታ በይቅርታ የሚቀሩትን ሲዘረዝር፣ በገዳም ተዘግቶ የሚኖረውን መናኝ፣ በሰው ላይ መፍረድ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም የሚለውን የአሚሽ ማኅበር አባል፣ እንዲሁም ዕድሜው ከ75 ዓመት ያለፈውንና ይቅርልኝ ብሎ የሚጠይቀውን አረጋዊ በአንድ ክፍል ያስቀምጣቸዋል። እኔ እንግዲህ መናኝም አይደለሁም፣ ለ75ም ያን ጊዜ አራት ዓመት ይጎድለኝ ነበር። በሽታው ግን የራሱን ድንበር ያሰመረው በሌላ ቦታ ነበር፤ በዚህ አገር በኮሮና ከሞቱት 10 ሰዎች 8ቱ 65 ዓመት የሞላቸው ወይም ከዚያ ያለፉ መሆናቸው በየዕለቱ ይነገረን ነበር። ሕጉ በ75 በሽታውም በ65 ያሰመሩት መስመር በመካከሉ አንድ ጠባብ መሬት ይተዋል፤ እኔና ብዙ እኩዮቼ ያን ዓመት የቆምነው በዚያ መሬት ላይ ነበር።

ምን እንዳደረግሁ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ባለቤቴ የአስም ሕመምተኛ ናትና፣ ከሐኪሜ የምስክር ወረቀት አጽፌ ቀኑ እንዲተላለፍልኝ ለመንሁ፤ ተላለፈልኝም። በዚህ አላፍርም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በነበሩት ሌሊቶች እንቅልፍ የነሣኝ፣ እኔ ቤቴ ተዘግቼ ስቀመጥ እዚያ በከተማው እስር ቤት ተዘግቶ የሚጠብቀው የማላውቀው ሰው ነበረ። በኦሃዮ ሕግ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው በ270 ቀን ውስጥ ለፍርድ መቅረብ ይገባዋል፤ ዋስ አጥቶ በእስር ከሚጠብቅ ግን እያንዳንዱ የእስር ቀን እንደ ሦስት ይቆጠርለታልና 90 ቀን ብቻ ነው። ወረርሽኙ ሲመጣ አገረ ገዥው መጋቢት 18 ቀን 2012 ዓ.ም. በፈረመው ሕግ ይህ ቆጠራ ከየካቲት 30 እስከ ሐምሌ 23 ቀን እንዲቆም ተደረገ። ቆጠራው በሕጉ ቃል ቢቆምም ለታሳሪው ቀኑ አልቆመም። የተፈረደባቸው በሚታሰሩበት በማሪዮን ወኅኒ በሚያዝያ ወር ከ1,800 በላይ እስረኞች በሽታው ተገኘባቸው ተብሎ ሲነገር፣ ገና ያልተፈረደበት ሰው ዘመዶች ልባቸው እንዴት እንደ ሆነ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። በሌላ ወገን ደግሞ መቸኮልም አለ፤ በዚያው በሚያዝያ ወር ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ በአሽላንድ የጁሪ ችሎት ተጀምሮ ሳለ ተከሳሹ መተንፈስ ቸግሮት ወደ ሆስፒታል ተወሰደና ነገሩ ተቋረጠ። በነሐሴም በቴክሳስ አንድ የወንጀል ክስ በኮምፒውተር መስኮት በኩል በጁሪ ታየ፤ ኮምፒውተር የሌለው ሽማግሌ በዚያ መስኮት በየት በኩል ይገባ ይሆን?

በአገራችን በኢትዮጵያም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥራቸውን በከፊል ዘግተው ነበር፤ ነገር ግን እዚያ የተዘጋው የዳኞች ችሎት ነው እንጂ የሕዝብ ሸንጎ አልነበረም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድን ለተሾሙ ዳኞች እንጂ ለጁሪ አልሰጠምና። ስለዚህም ብዙ ወገኖቼ ጁሪን የፈረንጅ ነገር ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ ግን በልጅነቴ በቡልጋ ያየሁትን አልረሳም። ሁለት ባላገሮች በድንበር ተጣልተው፣ የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ አንዱ የሌላው ቁራኛ ሆኖ ከዋርካው ሥር መጡ። አያቴ ከሥሩ ጉብታ ላይ ጭራቸውን በጉልበታቸው ላይ ጋደም አድርገው ተቀምጠዋል፤ ዝንብ ፊታቸው ላይ ሲያርፍ እንኳ ጭራውን አላነሡትም። ሙግቱ ካለቀ በኋላ አስቀድሞ ፍርዱን የተናገረው ጢሙ ገና ያልበቀለ አንድ ጎረምሳ ነበር፤ ከእርሱ ቀጥሎ ታላቁ፣ ከታላቁ ቀጥሎ ታላቁ እየተነሣ ተናግሮ፣ በመጨረሻ አያቴ ተናገሩ። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ምን መጨረሻ እንደ ተናገሩ ብጠይቃቸው፣ «እኔ አስቀድሜ ብናገር ማን ደፍሮ ይቃወመኛል፣ ልጄ» አሉኝ። በዙፋን ችሎትም ሥርዓቱ ይኸው ነበር፤ በማዕረግ ታናሽ የሆነው ቀድሞ፣ ታላቁም በመጨረሻ ሐሳቡን ይሰጥ ነበር። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሽማግሌው ጎረምሳውን አያፍነውም፣ ጎረምሳውም ያለ ሽማግሌ ፍርድ አይጨርስም። እኚሁ አያቴ በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያጠፋ ጎልማሳ ነበሩ፤ ቀባሪ መታጣቱን ሲተርኩልን ያንኑ ጭራ ይዘው ነበር። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው በሰው ነፍስ ላይ ቸኩሎ አይናገርም።

በዚህ ወረርሽኝ ጊዜ «ሽማግሌዎችን ከመዝገቡ አውጥተን ጎልማሶቹን ብቻ እንጥራ» የሚል ሐሳብ በርኅራኄ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ ርኅራኄውን አከብራለሁ፣ ሐሳቡን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1975 ሴቶች ካልጠየቁ በቀር ለጁሪ አይጠሩም የሚለውን የሉዊዚያና ሕግ የሻረው፣ ጁሪ የሚውጣጣው ከመላው ማኅበረሰብ ሊሆን ይገባል ብሎ ነው። ስለ አረጋውያን እንዲህ ያለ ውሳኔ ስለሌለ፣ ሽማግሌ ቢጎድል የሚጮህለት የለም። የሚያስፈልገን መፋቅ ሳይሆን ማስተላለፍ ነው፤ ሰፊ አዳራሽ፣ የተራራቀ ወንበር፣ ፊትን የሚያሳይ መከለያ፣ በሽታው ሲበረታም «በሚቀጥለው ዓመት እንጠራዎታለን» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ሕጉ ራሱ የሚለው ከ75 በላይ የሆነው «ቢጠይቅ» ነው። ያን ጥያቄ የማቅረብ ሥልጣን የሽማግሌው ብቻ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊም አይደለም፣ የልጁም አይደለም።

ይህንም የምልበት ምክንያት አለኝ። በቤተ ክርስቲያን አብሮኝ የሚያስቀድስ አንድ ወዳጄ፣ በአገሩ ሳለ ዘመኑን ሁሉ በመምህርነት ያሳለፈ የ76 ዓመት ሰው፣ መጥሪያ በደረሰው ጊዜ ልጁ ስለ እርሱ ተጨንቃ በኢንተርኔት ቅጹን ስትሞላ «ዕድሜዬ አልፏል፣ ይቅርልኝ» በሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ለእርሱ አልነገረችውም። እርሱም ነገሩን ያወቀው ከወራት በኋላ ነው፤ ልጁን አልተቆጣትም፤ ለእኔ ግን ከቅዳሴ ወጥተን በመኪና ማቆሚያው ስንነጋገር «ሳልሞት ከመዝገብ ተፋቅሁ» አለኝ።

ከጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሃዮ 70 ዓመት ለሞላን ክትባት ተፈቀደልን፤ እኔም ሁለቱንም ዙር ወስጃለሁ፤ የተላለፈልኝ መጥሪያም ተመልሶ መጥቷል፣ እቀርባለሁም። ወዳጄ በበኩሉ በዚህ በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ለፍርድ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጥያቄው የእርሱ እንዳልነበረ፣ ዓይኑና ጆሮው ደኅና መሆናቸውን፣ ቢጠራም ለመምጣት ዝግጁ እንደ ሆነ በዚያ በመምህርነት እጁ አንድ ገጽ ሙሉ እንግሊዝኛ ሞላ። ባለፈው ሐሙስ አብረን ፖስታ ቤት ሄድን፤ ቴምብሩን ራሱ ለጠፈና ሣጥኑን ሁለት ጊዜ ከፍቶ መግባቱን አየ።

ወ. ገ.
ከሂሊያርድ፣ ኦሃዮ
መጋቢት 2013 ዓ.ም.