“የተዘፈነላት ታድላ!”

ጣቶቼ እንደ ድሮው ኦርጋን ላይ ባይሮጡም ብዕር ለመያዝ ገና አላነሱም። ዛሬ አንዲት እህታችን የላከችልኝን ደብዳቤ ይዤ ቀርቤያለሁ። ደብዳቤውን ሳነብ ሠላሳ ዓመት በሆዴ የያዝኩት የራሴ ጉድ ስለመጣብኝ፣ ከምክሩ በፊት ኑዛዜ ሳላስቀድም አልቀርም። ስሟንም አገሯንም አልጠቅስም፤ አደራ ብላኛለች። እነሆ ደብዳቤዋ፦

“ጋሼ፣ ዕድሜዬ 27 ነው። አረብ አገር አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። እዚያው ቤት አብራኝ ትሠራ የነበረች ጓደኛዬ ግን የመጣችው በሬሳ ሣጥን ነው። ማታ ሥራ ስንጨርስ ኩሽና ቁጭ ብለን ድምፃችንን ቀንሰን የምናንጎራጉራት ዜማ ነበረች። ዜማዋን ያወጣቻት እሷ ናት፤ ስታንጎራጉር በስልኬ የቀረጽኩት አለኝ። እኔ ግጥም ጨምሬበት ዘፈን አደረግኩት። አሁን አንድ የዩቲዩብ ቻናል ያለው ሰው ሰምቶኝ ‘ወጪውን በሙሉ እኔ እችላለሁ’ አለኝ። መጀመሪያ ‘ረዝሟል፣ ለቲክቶክ የሚሆን ቦታ አብጂለት’ ሲለኝ እሺ አልኩት። ቀጥሎ ግን ‘የጓደኛሽን ፎቶ ክሊፑ ውስጥ እናስገባለን፤ አንቺ ደግሞ መቃብሯ ላይ ሆነሽ ታለቅሻለሽ። እንባ ከሌለው ሰው አያየውም’ አለኝ። ውሉ ላይም ዘፈኑ ለዘለዓለም የቻናሉ ነው ይላል። እንቢ ብል ዕድሌ ያመልጠኛል። እሺ ብል ጓደኛዬን የሸጥኳት ይመስለኛል። እናቷ በሕይወት አሉ። ምን ይሻለኛል ጋሼ?”

እህቴ፣ ቀላል ነገር አይደለም የጠየቅሽኝ። እስቲ መጀመሪያ የኔን ስሚ።

ዘመኑ 1986 ዓ.ም. ነው። ማታ ማታ አንድ ናይት ክለብ ኦርጋን እጫወታለሁ፣ ቀን ቀን ደግሞ ለዘፋኞች ግጥምና ዜማ እሠራለሁ። እናቴ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። በዚያን ዓመት ታማ አልጋ ላይ ውላለች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ስገባ እንቅልፍ ሳይወስዳት ትጠብቀኛለች። “መጣህ? በልተሃል?” ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትጠይቅም። አንድ ሌሊት እንዲሁ ብላኝ ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ዜማው መጣ። ትዝታ ቅኝት ነው፣ ቀስ ያለ። ግጥሙ ስለ ምጣዷ፣ ስለ ጭሱ፣ ጭሱ ስለ ጨረሰው ዓይኗ ነው። አዝማቹ “እማዬ” እያለ ይመላለሳል። ሳይነጋ ጨረስኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልሠራሁም።

ታዲያ ምን አደረግኩት መሰላችሁ? መድኃኒት መግዣ አጥቼ ስለነበር በሳምንቱ ይዤው ወደ አንድ ሙዚቃ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ የቀረጽኩትን ካሴት ሁለቴ ሰማውና “ዜማው እሳት ነው!” አለኝ። “ግን የእናት ዘፈን ልጁ ቀድሞ ይዟል። በአንድ ካሴት ሁለት እናት አይገባም። ለሴት ልጅ አድርገው፤ ደግሞ ሞቅ አድርገው፣ ሰው ይጨፍርበት።”

እንቢ ማለት እችል ነበር? እችል ነበር። ግን ብሩን ጠረጴዛው ላይ ቆጥሮ አስቀመጠው፤ 800 ብር። እዚያው ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ግጥሙን ለወጥኩት። “እማዬ” የነበረውን “ዓለሜ” አልኩት። ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀለም ስለሆኑ ዜማው እንኳ አልተሰበረም! የምጣዷ እሳት የፍቅር እሳት ሆነ። ጭሱን ሰረዝኩት፤ ለጭስ ቦታ አልነበረውም። አቀናባሪው ደግሞ ቺክቺካ መታበት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብሩን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ካሴቱ ወጣ፤ ዘፈኑም ከተማውን አዳረሰው። በየሚኒባሱ፣ በየሰርጉ፣ በየሻይ ቤቱ እሱ ነው። ሽፋኑ ላይ የኔ ስም የለም፤ ይኼ አብግኖኝ ነበር። ግን የኋላ ኋላ ያቃጠለኝ ሌላ ነው። አንድ ከሰዓት እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ከጎረቤት ቴፕ ዘፈኑ መጣ። ጆሮዋን አቁማ ሰማችና “ይኼ ዜማ ሆድ ይበላል። የማን ነው?” አለችኝ።

“የኔ ነው” አልኳት።

ደስ አላት። ከትራሷ ቀና አለች። “ለማን ነው የሠራህላት?”

ዝም አልኩ። ያፈርኩ መስሏት ሳቀችና፣ “ተወው አትንገረኝ። ብቻ የተዘፈነላት ታድላ!” አለች።

አንቺ ነሽ ማለት አቃተኝ። ብላት ግጥሙን አስተካክላ ልትሰማ ነው፤ ስትሰማ ደግሞ ውስጡ እሷ የለችም። ከሦስት ወር በኋላ አረፈች። ሰው ሁሉ ያቺን ዘፈን እየዘፈነ እኔ እናቴን ቀበርኩ።

እንግዲህ ኑዛዜዬ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

ብዙ ሙዚቀኛ ጓደኞቼ ሲያወሩ “ድሮ ሙዚቃ ከልብ ነበር፣ ዛሬ ንግድ ሆነ” ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሙዚቃ ለገበያ ያልጎነበሰበት ዘመን የቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ እሸቴ በግሉ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ሥራው ለሀገር ፍቅር ብቻ የተፈቀደ ነበር፤ ደፍሮ ገባበት። ያን ጊዜ በትንሿ ሸክላ በአንደኛው ገጽ አንድ፣ በሌላኛው ገጽ አንድ ዘፈን ነበር የሚገባው፤ ርዝመቱም በደቂቃ የተለካ ነው። ካሴት መጣና ዘፋኙ አሥር አሥራ ሁለት ዘፈን አምጣ ተባለ። ያኔ ነው “አንድ የእናት፣ አንድ የአገር፣ ሁለት የሰርግ፣ የቀረው የፍቅር” የሚል ቀመር የመጣው። በደርግ ጊዜ ደግሞ ግጥም ሳንሱር ማለፍ ነበረበት። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽ መጣ፣ ሰው ዘፈን በስልክ እያስጫነ መሄድ ጀመረ፤ ሙዚቃ ቤቶቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። ዛሬ ደግሞ ስልኩ ራሱ ሙዚቃ ቤት ሆነና የዘፈን ዕድል በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ይወሰናል። ቢመቸንም ባይመቸንም ሁሉም ዘመን የራሱ መቀስ አለው።

አንድ ነገር ግን ተለውጧል። እኛን “ሐዘንህን ደብቅ፣ ሰው ይጨፍር” ነበር የሚሉን። እናንተን “ሐዘንሽን አውጪ፣ ሰው ይየው” ይሏችኋል። ያኔ እውነት አይሸጥም ነበር፤ ዛሬ የሚሸጠው እሱ ራሱ ሆነ። ለዚህ ነው ግራ የገባሽ። ሰውዬው ዋሺ አላለሽም። የምታለቅሺው የእውነት ነው፣ ጓደኛሽም የእውነት ሞታለች። ግን “እዚህ ጋ ቁሚ፣ አሁን አልቅሺ፣ እንደገና እንቅረጸው” ሲልሽ ሁለተኛው እንባ የማን ነው? እሱን አስቢው።

ከልብ መሥራት ማለት ገንዘብን መጥላት አይደለም እህቴ። እኔ ከልቤ ሠርቼ ሸጫለሁ፤ የሸጥኩት ለመድኃኒት ነው፤ ለዚያ አልጸጸትም። ዘፈን ማሳጠርም ነውር አይደለም። በምት ማፍጠንም ነውር አይደለም። የኔ ጥፋት ዘፈኑን ቀድሞ ሊሰማው ለሚገባው ሰው ሳላሰማ ገበያ ማውጣቴ ነው። ግጥሙን ከመለወጤ በፊት አንድ ሌሊት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ባንጎራጉርላት ኖሮ፣ በማግስቱ “ዓለሜ” ብዬ ብሸጠው እንኳ የኔና የእሷ የሆነው ነገር አይነካም ነበር። ነጋዴው የሚወስደው የተረፈውን ነው። እኔ ግን ዋናውን ሰጠሁት።

ስለዚህ ምክሬ ይኸውልሽ።

አንደኛ፣ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት የጓደኛሽ እናት ዘንድ ሂጂ። ካሜራ አትያዢ፣ ሰውዬውንም አታስከትዪ። ቡና ሲፈላ ቁጭ ብለሽ ዘፈኑን አሰሚያቸው። ፎቶዋን ስለማስገባትም ጠይቂያቸው። እሺ ካሉሽ እሺ ነው። እንቢ ካሉ ደግሞ ሚሊዮን ሰው ቢያይልሽም የእሳቸው እንቢታ ይበልጣል። ዝም ቢሉሽ ዝምታቸውን እንደ እሺታ አትውሰጂው። ሌላ ቀን ተመለሺ።

ሁለተኛ፣ ይኼ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ የሕግም ጉዳይ አለበት። እኔ ዘፈኔን በሸጥኩበት ጊዜ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ደራሲ መብት የሚናገር ክፍል ነበረው፤ ግን ከመካከላችን ማን አንብቦት! አሁን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 አለ። በዚህ አዋጅ የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወደ ወራሾቹም ያልፋል። ዜማውን ያወጣችው ጓደኛሽ ከሆነች፣ ግጥሙ ደግሞ ያንቺ ከሆነ፣ ዘፈኑ የሁለታችሁ ነው። ልጅ ከሌላት ወራሾቿ ወላጆቿ ናቸው። እናትየው ዘንድ ሂጂ ያልኩሽ አንድም ለዚህ ነው። የእሳቸውን ድርሻ አንቺ ብቻሽን ፈርመሽ ልትሰጪ አትችዪም። በስልክሽ የቀረጽሽውን ድምፅዋን ሌላ ቦታም ገልብጠሽ አስቀምጪው፤ ማስረጃም ነው።

ሦስተኛ፣ “ለዘለዓለም” የሚለውን ቃል ከውሉ አስወጪ። ስንት ዓመት? በየትኛው ቻናል? ገቢው እንዴት ይከፈላል? ሌላ ሰው ልዝፈነው ቢልስ ማን ይፈቅዳል? ይኼ ሁሉ በጽሑፍ ይቀመጥ። ኢኮኖሚያዊ መብትሽን ብትሸጪ እንኳ የሥራው ባለቤት ተብለሽ በስም የመጠቀስና ሥራሽ ክብርሽን በሚነካ መንገድ እንዳይጣመም የመቃወም መብትሽ ካንቺ ጋር ይቀራል፤ ሕጉ የሚለው እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት ሮያሊቲ ሰብስበው ለባለመብቶች የሚያከፋፍሉበትን መንገድ ከፍቷል። ውሉን ጠበቃ ሳያየው አትፈርሚ። ለጠበቃ የሚሆን ብር የለኝም ካልሽ፣ ቢያንስ ውል ፈርሞ የተቃጠለ አንድ ዘፋኝ ፈልገሽ አስነብቢው። እሱ አያጡም!

አራተኛ፣ ሰውዬውን ጠላት አታድርጊው። ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ትርፍ ቢፈልግ አይፈረድበትም። “ማሳጠሩን እቀበላለሁ፤ መቃብር ላይ ግን አላለቅስም። ስቱዲዮ ውስጥ ቆሜ ስዘፍን ቅረጸኝ” በዪው። ዘፈኑ ጥሩ ከሆነ ይበቃዋል። አይበቃኝም ካለሽ የሚፈልገው ዘፈንሽን አይደለምና ይቅርብሽ። ቻናል ሞልቷል። እንዲያ ያለ ዘፈን ግን በየቀኑ አይመጣም፤ ከኔ ተማሪ።

“ዕድሌ ያመልጠኛል” ብለሻል። ሊያመልጥሽ ይችላል፤ አልሸነግልሽም። ይህ ሥራ ቅን ሰውን ሁሉ አይክስም። ጥሩ ሠርተው ሳይታወቁ የቀሩ ስንት ሙዚቀኞች አውቃለሁ። እኔም እንደምታዪው ነኝ፤ አሁን ልጆች ኦርጋን እያስተማርኩ ነው የምኖረው። ግን ያመለጠኝ ዕድል አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ የተሳካልኝ ነው።

በቀደም አንድ ሰርግ ተጠርቼ ሄጄ ያቺን ዘፈን ልጆች አዲስ አድርገው ሲጫወቷት ሰማሁ። ሙሽሮቹ ይጨፍራሉ፣ አዳራሹ ይዘልላል። ማንም አያውቀኝም። አዝማቹ ሲመጣ ሁሉም “ዓለሜ” አሉ፤ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ በሆዴ “እማዬ” አልኩ። በምቱ ላይ ልክ ገባ።

እንግዲህ እህቴ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና ይዘሽ ሂጂ። የልጃቸውን ድምፅ በስልክሽ ውስጥ ይዘሽ እሳቸው እስካሁን አለመስማታቸው ራሱ ዕዳ ነው። መጀመሪያ እሱን አሰሚያቸው፣ ቀጥሎ ያንቺን። የሆነውንም ጻፊልኝ።

እናንተም አንባቢዎቼ፣ በቸር ሰንብቱ። በሚቀጥለው ሳምንት በደህና ያገናኘን።